ሦስተኛው ስም

ሁለቱን ስም ጻፍን፣ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ፤
ላሚሶና ታንቱ። በእነሱ ላይ ማንም አልመዘዘም መዘዝ።
ሦስተኛው መስመር ላይ ብዕሬ ደረቀ፤
አንድ ቦታ፣ ሁለት ሰው፤ ቀኑም አለቀ።

አሞራ ገደል ነን፣ ከዓሣ ቤቱ ጥግ፤
ሳህኑ ላይ አጥንት፣ ወረቀቱ ላይ ሕግ።
ከውጭ አባ ኮዳ ተደርድሮ ቆሟል፣
ጥቁር ካፖርቱን ደርቦ አንገቱን ሰብሯል፤
ከእኛ ይልቅ እሱ ዳኛ ይመስላል፤
የወደቀ ነገር እስኪያይ ይጠብቃል።

በረዶ ላይ ሲዞር የሚውል አለ አሉ፣ በሩቅ አገር ያለ ሰው፤
የእኛ በረዶ ጣሪያ ደብድቦ ነው ቡቃያ የሚጨርሰው።
እኛ ያለን አስፋልት፣ የሐዋሳ ፀሐይ ወለል ያስመሰለው፣
ባለ አራት ጎማ ጫማ፣ ማሰሪያው ያጠረው፤
ደብዳቤው ግን ይህን መች ጠየቀ፣
“ለሻምፒዮናው ሦስት ወንዶች” ነው የሚለው።

“ሀንካራ ይሂድ” አለች መምህርት ፋንታዬ፣
“ዘጠኝ ዓመት ሲዞር ወድቆ አያውቅም፣ ጌታዬ፤
ነጥቡ እንደ ደመወዝ በየወሩ የሚደርስ፤
ትንሽ ነው፣ ግን አለ፤ ቤት የማያፈርስ።”

“ልጁ ይሂድ እንጂ” አለ አቶ ዳንጊሶ፣
የሎሚውን ግማሽ ዓሣው ላይ ጨርሶ፤
“ሦስቴ አየር ላይ ዞሮ አንዴ ከቆመልን
ማን ሊደርስብን?”
“ሁለቴ ከወደቀስ?” አልኩት።
“እሱን ተወው፤
ከወደቀም እኮ ከላይ ነው የወደቀው።”

ካያሞ ጋራዥ ነው፣ ባጃጅ ሥር ይውላል፤
ለጫማው ኩሽኔታ ከቁራጭ ይለቅማል።
ትናንት በማጣሪያው፣ ሙዚቃው ሲከፈት፣
አስፋልቱን ለቀቀው እንደ ተጣሉት ቤት፤
አንድ… ሁለት… ሦስት… ቆጠርኩ በከንፈሬ፣
እኔም ተነሣሁኝ ሳላውቅ ከወንበሬ፤
ከዚያ ጉልበቱ፣ ከዚያ ክርኑ፣ ከዚያ ድምፁ፤
ሰው ሁሉ እጁን አፉ ላይ፤
አባ ኮዳ ብቻ ያልተለወጠ ገጹ።
ተነሣና ሣቀ። ሙዚቃው ፈሰሰ።
የቀረውን ሁሉ ሳይተው ጨረሰ።

ሀንካራ ቀጥሎ ገባ፤ ዞረ፤ አረፈ፤
ምንም አልሆነም፤ ጊዜው እንዲያው አለፈ።
ይህ ነው የሱ ጥበብ፣ ምንም እንዳይሆን፣
ሐይቁ በማለዳ ዝም እንደሚለን።

እኔም እዘል ነበር፤ ጉልበቴ ይመስክር፣
ዝናብ ሊመጣ ሲል ቀድሞ የሚናገር፤
ያኔም መራጭ ነበር፤ ስሜን ሰረዘና
“ዕድሜ ነው” ብሎ አለፈ፤ አልረሳሁም ገና።

መብራት ሄደ። በስልክ ጭላንጭል ጻፍኩት፤
ካ፣ ያ፣ ሞ፤ ሦስት ፊደል። እጄን ታዘብኩት።

ለሀንካራ የምነግረው ቃል ስፈልግ አደርኩ፤
“ዕድሜ ነው” ላለማለት ከራሴ ጋር ተማማልኩ።

ከታቦር ጀርባ ሳይነጋ ወረድኩኝ ወደ ሐይቁ ዳር፤
ጭጋግ ነው፤ ከጭጋጉ ውስጥ ሽው ሽው የሚል ነገር።
ሀንካራ ነው፤ መጥረጊያ ይዞ ጠጠሩን፣ ቅርፊቱን ይጠርጋል፤
የጠርሙስ ስባሪ ሲያገኝ ለብቻ ያኖራል፤
ካያሞ የወደቀበት ሲደርስ ጎንበስ ይላል፣
እዚያ ላይ በእጁ ነው፤ አንድ በአንድ ይለቅማል።

“ከመቼ ጀምሮ?”
“ሁልጊዜ” አለ፣ ቀና ሳይል፣ እያራገፈ ጠጠር፤
“ትናንት ብቻ ቀረ፤
ጥበቃው አላስገባኝም፤ ገመድ ዘርግታችሁ ነበር።”

ገመዱን ያሰርኩት እኔ ነኝ።
ቅጹን በሐሳቤ ገለጥኩት እንደገና፤
ዝላይ አለ፣ ፍጥነት አለ፣ ዙር አለ፤
ለመጥረጊያ ግን ረድፍ የለውምና…

“ሀንካራ…” አልኩ።
ስሙን ብቻ። ሌላው ቃል አልወጣም።
ያውቅ ነበር ይሁን አያውቅ፣ እሱም አልጠየቀኝም።
“ከዚያ ላይ ፈቀቅ በል” አለኝ፤ “አሸዋው ላይ ቆመሃል፤
ልጁ አሁን ይመጣል።”